«ሁላችንም ደህና ነን»

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ከአገራችን የሦስት ቀን መንገድ ርቀን እዚህ ግቢ ውስጥ ከተቀመጥን ወዲህም ቅዳሜ ለእኛ የገበያ ቀን እንደሆነች ቀርታለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ከዶርም አንወጣም። ልብስ የሚያጥበው ያጥባል፤ የሚያነበው ደብተሩን ገልጦ ይጋደማል፤ የሁላችንም ጆሮ ግን ስልክ ላይ ነው። ወላጆቻችን ከአሸተን፣ ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ገብሱን ጭነው፣ በጉን ጎትተው ወደ ከተማ የሚወርዱት በዚህ ቀን ነው። ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው፣ ካርድ የሚሞላው፣ ኔትወርክ አለ የሚባለው ያን ዕለት ነው። የዓለም ሕዝብ ላሊበላን የሚያውቃት በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ ነው፤ እኛ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስባት በገበያው ጫፍ ቆሞ እየጮኸ በሚያወራ አንድ ገበሬ ነው።

«ሃሎ! ደህና ናችሁ?»

«ሁላችንም ደህና ነን። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«በርታ እንግዲህ። ካርዱ ሊያልቅ ነው።»

አለቀ። ከዚህ በላይ የተነጋገርንበት ቅዳሜ ቢኖር በጣት የሚቆጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች ንግግር ውስጥ ስለ ካርዱ ከተባለው በቀር አንድም እውነት አልነበረም። «ጥሩ ነው» ያለው ልጅ ከሁለት ቀን በፊት የሎጂክ ፈተናውን ከ30 ስድስት አምጥቶ ወረቀቱን ቀዶታል። «ሁላችንም ደህና ነን» ያሉት አባት በዚያው ሳምንት ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጠዋል። ይህንንም ያወቅነው ክረምት ቤት ገብተን በረቱን ስናይ ነው። (ልጁ ማን እንደሆነ አንናገርም። ሦስታችንም ነን ብትሉ ያስኬዳል።)

ፍሬሽ ሆነን በገባን ሰሞን ሲኒየሮቹ ብዙ ነገር አስተማሩን፤ የካፌ ሰልፍ እንዴት እንደሚያዝ፣ የትኛው መምህር አቴንዳንስ እንደሚይዝ፣ ሹሮ በምን ቢታጀብ እንደሚዋጥ። አንዱን ትምህርት ግን ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም ኤ አመጣን፤ እሱም «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ድምፁ እንዳይሰበር፣ እንዳይረዝምም፣ ትንሽ ሳቅ ጣል ይደረግበታል። ሰው ሁሉ አዲስ ተማሪን የሚያስቸግረው ናፍቆት ነው ይላል። ናፍቆትስ ያልፋል። የእናቱን እንጀራ እያሰበ ትራሱን ያረጠበ ልጅ ኅዳር ሲጠባ ኳስ ሜዳ ላይ ሲሳደብ ይገኛል። የማያልፈው ሌላ ነው፤ እሱን ለመጻፍ ነው ብዕር ያነሣነው።

መቼም አንዋሽም ብንል ኖሮ እንችል ነበር ወይ? እስቲ ይታይ። እኛ በተፈተንንበት በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰደው ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ ነበር። በአንድ ቀበሌ አንድ ልጅ አለፈ ማለት የአንድ ቤት ልጅ አለፈ ማለት አይደለም። ጠላ ተጠምቋል፤ በግ ታርዷል፤ ዱሮ አባታችንን በድንበር የከሰሰ ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ መርቆናል፤ ስንወጣ አሮጊቶች ሃያ ሃያ ብር በመዳፋችን አስጨብጠውናል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ገበያ መካከል ለቆመ አባት «ከ30 ስድስት አመጣሁ» የሚል ጀግና ካለ ይምጣና ያስተምረን።

የአባቶቻችን «ደህና ነን» ደግሞ ከእኛው ይለያል። ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ከሦስታችን የአንዱ አባት በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከእናታቸውና ከሁለት እኅቶቻቸው ጋር በእግር ኮረም መጠለያ ደርሰዋል። የተመለሱት እሳቸውና እናታቸው ናቸው። ከዚህ በላይ አይናገሩም። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው «ደህና» ማለት ምንድን ነው? በሕይወት አለን፣ ጭስ ይወጣል ማለት ነው። በሬው ቢሸጥም ደህና ናቸው። በዚያ ሚዛን ከተመዘነ አልዋሹም። እኛ ነን በእነሱ ሚዛን የራሳችንን ቀላል ነገር እየመዘንን፣ «ለዚህች ብዬ አባቴን ላስጨንቅ?» እያልን የምንደብቀው።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሆነን እዚያው ነበርን። የአንዳችን ታላቅ ወንድም ግን ሩቅ አገር በሌላ ዩኒቨርስቲ ነበር። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ወንድማችን ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቱን ቁጥር ይመታል፤ የምትመልስለት ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ናት። በዚህ መካከል አያታችን መድኃኒት ሲያጡ አረፉ። መስመር ሲመለስ የእናታችን የመጀመሪያ ቃል ምን ይመስላችኋል? «ሁላችንም ደህና ነን።» ወንድማችን ደስታው ወሰን አጣ፤ ለጓደኞቹ ሻይ ጋበዘ። የአያቱን ሞት የሰማው ክረምት ሲመጣ፣ በሩን ገፍቶ የአያቱን መደብ ባዶ ሲያይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ስልክ ሲደውል ይቆጥራል። «እስቲ እማዬን አገናኙኝ። እስቲ ትንሿን። እስቲ አጎቴ ካሉ ሃሎ ይበሉኝ።» የሁሉንም ድምፅ በየተራ ሳይሰማ አይዘጋም። ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላም እንዲሁ ነው። እኛ እንስቅበት ነበር። አሁን አንስቅም።

ወደ ጓደኛችን እንምጣ። ከላስታ መጥተን በአንድ ዶርም ያለነው አራት ነን፤ አራተኛው የአሸተን ልጅ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ከማውጣታችን በፊት አንብቦ «አውጡት» ብሎናል፤ አንድ መሥመር ብቻ አሰርዞናል።

በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል እሑድ ዋለ። በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጥር 13፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለአንዳችን ስልክ ተደወለ። ቁጥሩ አይታወቅም። ማክሰኞ ከላስታ ስልክ አይደወልም።

«ብቻህን ነህ? ወንድሜ አጠገብህ አለ?»

በአገራችን «አጠገብህ አለ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙ አንድ ነው። እናቱ አርፈው ያን ዕለት ጧት ተቀብረዋል። ከኅዳር ጀምሮ ታመው ኖሯል፤ ለልጁ ግን ጉንፋን ነው ሲባል ከርሟል። ፈተና ሊጀመር 13 ቀን ቀርቶታል። ወንድሙ እንዲህ አለ፦ «ልጄ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብላ ነው የሞተችው። አደራ በሰማይ አደራ በምድር።»

ሦስታችን ከላይብረሪው ጀርባ ተቀመጥን። አንዱ «ይነገረው» አለ። ሁለቱ «የሟች ቃል ነው፤ እኛ ማን ሆነን?» አልን። ደግሞም አሰላን፣ ላለመዋሸት እንናገረው፤ ዛሬ ቢነገረው ለቀብሩ አይደርስ፤ ቢሄድ ሴሚስተሩ ይቃጠላል፤ መንገዱም እንደምታውቁት ነው፣ በወጣበት ሊቀር ይችላል። ስሌቱ ትክክል ነበር። እሱ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ግን አንዳችንም አላነሣንም። ያን ማታ ካፌ ውስጥ የሰፈሩን ዲያቆን እየቀዳ ሲያስቀን ሳቅን።

ቅዳሜ ጥር 17 ስልኩ ጮኸ። ወንድሙ ነው። «እማዬስ?» «ገበያ አልወረደችም፤ ጉንፋኑ አለቀቃትም።» ቅዳሜ ጥር 24 እንደገና «እማዬስ?» አለ። «ለቅሶ ሄዳለች» አለው ወንድሙ። እኛ አልጋችን ላይ ሆነን ሰማነው። ወንድሙ ሌላ ቃል አፉ ውስጥ አጥቶ ይሆናል።

ፈተናው ሰኞ ጥር 26 ጀመረ። ማታ ጓደኛችን ከሎከሩ አንድ ፌስታል አወጣ። መስከረም ላይ እናቱ የሰደዱለት በሶ ነበር፤ ለፈተና ሳምንት ብሎ ከሥሩ ያስተረፈው። በስኳር በጥብጦ ለአራት አካፈለው። «ጠጡ እንጂ፣ የእማዬ እጅ ነው» አለን። ጠጣን። ምን እናድርግ?

ዓርብ ማታ የመጨረሻውን ፈተና ጨረሰ። ቅዳሜ የካቲት 1፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የወሎ ልጆች ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቀን አልጋውን ከበብን፤ ማስተርሱን የሚማር አንድ ታላቅ ወንድማችንም ለማርዳት ተጠርቶ መጣ። ጓደኛችን ዓይኑን ገለጠና አየን። ማንም አፉን ሳይከፍት «አባዬ ነው እማዬ?» አለ። ያለቀሰውን ለቅሶ አንጽፈውም። ሲበርድለት «መቼ?» አለ። «ማክሰኞ» አልነው። «የትኛው ማክሰኞ?» ነገርነው። በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ቆጠረ፣ ቆጠረ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኛን ሦስታችንን አየና፦

«በሶውን ስትጠጡ ታውቁ ነበር?»

ያን ዕለት ገንዘብ አዋጥተን ሸኘነው፤ ለአርባቸው ደረሰ። ለቀብሩ፣ ለሣልስቱ፣ ለሰባቱ፣ ለአሥራ ሁለቱ ግን ልጃቸው አልነበረም። ውጤቱ ወጣ፤ ግቢ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ጥሩ ውጤት አምጥቶ አያውቅም። ወረቀቱን አየና «ይኼን ለማን ላሳየው?» አለ። ዛሬም ከእኛ ጋር ነው፤ አብረን እንበላለን፣ አብረን እናጠናለን፣ አልተቀየመንም። ብቻ ከሦስታችን ያንዳችን ስልክ ሲጠራ ሥራውን አቁሞ ፊታችንን ያያል።

ደህና አደረግን ወይስ አጠፋን በሚለው እስካሁን አልተስማማንም። «የእናት ኑዛዜ ነው» ያለው አሁንም በቃሉ ነው። ግን በክረምቱ ከብልባላ የመጣው ጓደኛችን ጉዳዩን ለአባቱ አወጋቸው፤ ቄስ ናቸው፤ የነገሩት ነገር ቢያንስ ለሁለታችን ብዙ ነገር ገለጠልን።

እሳቸው በ12 ዓመታቸው ለእናታቸው ሳይናገሩ ነው ከቤት የጠፉት። ያን ጊዜ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ አይሰናበትም፤ «ከተናገርክ እንባዋ ያስርሃል» ይባላል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ የውሻ ንክሻ እየተከላከሉ ቁራሽ ለምነው ቅኔ ሊማሩ ዋድላ ገቡ። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። እኛ ብንሆን በሳምንቱ እንሞት ነበር። ታዲያ እንዴት ለመዱ? «እናቴን ትቼ መጣሁ፤ በየደጁ ግን እናት ነበረች» አሉት። ቁራሽ የምትሰጣቸው ሴት ስማቸውን ታውቃለች፤ ሁለት ቀን ከቀሩ ታመመ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ቅኔ እምቢ ያለው ተማሪ ወደ ዜማ ይሻገራል፤ ቤተልሔም እወርዳለሁ ብሎ ጋይንት ቢሄድ «ወደቀ» የሚለው የለም። እኛ ጋ ካፌው ውስጥ በመታወቂያ ቁጥር እንበላለን፤ ሦስት ቀን ብንቀር የሚጠይቅ የለም፤ ምግቡ ግን ይተርፋል።

በሁለተኛው ዓመት ነጋዴ የእናታቸውን ሞት ይዞ ዋድላ መጣ፤ የነገረው ለየኔታ ነው። የኔታ ትምህርቱን አቆሙ። ተማሪው እስኪሰበሰብ፣ ቁራሽ የሚሰጡት ሴቶች ነጠላቸውን ይዘው እስኪመጡ ጠበቁ፤ ማታውኑ አረዷቸው። መርዶው የተደበቀው ከጧት እስከ ማታ ነው፤ የተደበቀውም ልጁ ብቻውን እንዳያለቅስ ነው።

እኛ የደበቅነው 18 ቀን ነው። ለምን? ሰው እስኪሰበሰብለት ነው? ሰውማ እዚያው ነበርን፤ ባንድ ክፍል አራት አልጋ። ያዘገየነው ለውጤቱ ነው። ዱሮ መርዶ የሚቆየው ለሰውዬው ታስቦ ነበር፤ እኛ ግን ለግሬዱ አሰብንለት። እናቱም እኮ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ያሰቡት ስለ ፈተናው ነው። ይህ በየትኛው ቤት እንደተጀመረ እንጃ። በእኛም ቤት አለ፤ በእናንተም ሳይኖር አይቀርም።

ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስንማር የሰማነው አንድ ነገር ከዚህ ጋር ተያይዞ ይመላለስብናል። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዩጋንዳ ውስጥ የ26 ቤተሰብ 28 ሕፃናትን እየተመላለሰች አየች፤ መጽሐፉ በ1967 ወጣ። በኋላም አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ እናት ሕፃኗን ባዲስ ክፍል ትታ ወጥታ ስትመለስ የሚሆነውን በሥርዓት አጠናች። እኛ ተማሪዎቹ ጥናቱ ሕፃኑ እናቱ ስትወጣ ምን ያህል እንዳለቀሰ የሚለካ መስሎን ነበር። ዋናው የታየው ግን ስትመለስ ነው። ስትመለስ አቅፋው የተጽናና ሕፃን ወዲያው ወደ መጫወቻው ይመለሳል፤ ክፍሉን ያስሳል። የሌላው ዓይን ግን አይረጋም፤ ታቅፎም ይነጫነጫል፣ መጫወቻውን ይረሳል። (ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን «ላስታ ውስጥ ልጇን ባዲስ ክፍል ትታ የምትወጣ እናት የለችም» ብሎ ክፍሉን አሳቀው፤ ክፍሉ ግን ይኸው ይሄ ግቢ አይደለም?) ወንድማችን በየተራ ድምፅ ሲቆጥር፣ የአሸተኑ ልጅ ፊታችንን ሲያይ፣ ያ መጫወቻውን የረሳ ሕፃን ትዝ ይለናል። የወላጅ ፍቅር አንሷቸው አይደለም። ፍቅሩ ሞልቶ የተረፈ ነው። ያጡት «ደህና ነን» ሲባሉ አምነው የሚተኙበትን ሌሊት ነው። ክፉው ሲሆን የሚነገረው ሰው ብቻ ነው ደጉ ሲነገረው የሚያምነው።

ሰሞኑን አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለን አምስት ሰዓት ገደማ የአንዳችን ስልክ ጮኸ። የአሸተኑ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ቀና አለ። አባት ናቸው፤ ከኋላቸው አህያ ያናፋል፣ የበግ ዋጋ ይጠራል። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎታል።

«ሁላችንም ደህና ነን። ትምህርት እንዴት ነው?»

«አባዬ፣ ጥሩ አይደለም። አንድ ኮርስ ወድቄያለሁ። ዋርኒንግ ሰጥተውኛል፤ በሚቀጥለው ካላሻሻልኩ ያስወጡኛል።»

ዝም አሉ። አህያው አናፋ። አንድ ሰው «በስምንት ሺህ ውሰደው!» ሲል ተሰማ። ካርዱ ሊያልቅ ነው የሚሉበት ጊዜ ነበር፤ ጠበቅን።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔም የምነግርህ ነበረኝ። ዝጋው፤ ካርድ ሞልቼ ልደውል።»

ስልኩ ተዘጋ። አራታችንም በአንድ አልጋ ላይ ከበነው ተቀመጥን።